ያገለገለ

የቂርያት ማላኪ ውሃ፣ ኖራ ያዘለ፣
ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ቅርፊት ተከለ።
እኛስ ጠጣነው፣ ደግ፤ ሃያ ስምንት ዓመት፤
ኩላሊት ዝም ካለ ምን ያወራል አንጀት።
የሂላ ዓሦች ግን፣ ጣት እንኳ የማያክሉ፣
በውሃ ጨርቅ ላይ ቀይ ክር የሚጠልፉ የሚመስሉ፣
"አገራቸው ለስላሳ ውሃ ነው" አለችኝ፤
መለኪያዋን ነክራ ቁጥሩን አሳየችኝ፦
አራት መቶ አሥራ ሁለት።
ሁለቱ ሆዳቸውን ገልብጠው አደሩ በዚያች ሌሊት።

ረሖቮት፣ ሱቅ ሄድን። ከመስታወት ኋላ ቆሟል አዲሱ፤
ሦስት ነጭ በርሜል፣ ላስቲኩ ያልተላጠ ከራሱ።
"ስምንት መቶ ዘጠና" አለኝ ሻጩ ልጅ በትሕትና፣
"ዋስትና አለው፤ የሁለት ዓመት ዋስትና።"
"ያገለገለ ብፈልግስ?" ብለው ሳቀ፤
"ያገለገለማ፣ አባቴ፣ ያገለገለማ አለቀ።
ውስጡ ስስ ገለፈት አለ፤ አንዴ ከደረቀ ሞተ።"
ቃሉ አውቶቡስ ላይ አብሮኝ ወጣ፣ ከጎኔ ተጎለተ።

"አዲስ ገቢ" ይሉኝ ነበር፣ መዝገብ ላይ፣ ወረፋ ላይ፤
አሁን ጠባቂ ነኝ፣ የትምህርት ቤት በር ላይ።
አዲስነቴ መቼ አለቀ? ማን ላጠው ላስቲኬን?
የትኛው ፈረቃ ነው ያደረቀው ቆዳዬን?

ሐሙስ። አሽዶድ። ሦስተኛ ፎቅ፣ አሳንሰሩ የተበላሸ፤
ሠላሳ አራት ዓመት ወደብ ላይ፣ ከክሬን ጫፍ ያመሸ፣
ፕሮስፔር የሚሉት ሽማግሌ በሩን ከፈተልን።
"ጫማ አታውልቁ" አለና ወንበር ሳበልን።
የዓሣ ገንዳው ባዶ ነው፤ ታጥቦ ተገልብጧል፤
ምንጣፉ ላይ የመቆሚያው አራት እግር ሰምጧል።
ከልጁ ቤት ሊገባ ነው፣ ለገንዳ ቦታ የላትም፤
ዓሦቹን ለማን እንደሰጠ አልነገረን፣ አልጠየቅንም።
ማጣሪያውን አወጣው፣ እንደ ሕፃን በፎጣ ጠቅልሎ፤
ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ ጽፏል፣ "በዚህ ቀን ተቀየረ" ብሎ፤
ከቀኑ በታች ቀን፣ ከዚያም በታች ሌላ፣
እንደ ልጅ ቁመት ልክ፣ ከበር ኋላ።
መቶ ሃምሳ ሼቄል። አልተከራከርሁም።
ሲሸኘን ወረቀት ሰጠኝ፤ እኔም አላነበብሁም፤
የታተመውን ፊደላቸውን እንደምንም እለቅማለሁ፣
የእጅ ጽሑፍ ግን ጉንዳን ነው፤ ምርቃት መስሎኝ፣ ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ፀሐይ ስትገባ፣ ፈንታነሽ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣
"ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው" አለች፣ ወደ ቧንቧው ሳትጠጋ።
ሰካን። ጠበቅን። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።
ሂላ መለኪያዋን ስትነክር ትንፋሹን ዋጠ ቤተሰብ።
መቶ ዘጠና አምስት!
የሱቁ ልጅ ሳቅ ከረሖቮት ድረስ መጣ፣ ገባ በመስኮት።
"ተታለልን" ብዬ ኪሴን ስበረብር፣ ስልክ ልደውል፣
ወረቀቱ ወደቀ፤ ሂላ አንሥታ አነበበችው፣ ቃል በቃል፦
"አካሉ ጤነኛ ነው። ገለፈቱ ሞቷል፣ ደርቋል፤
አዲስ ግዛለት፣ መቶ ሰማንያ ይበቃል።
የመጀመሪያውን ውሃ ድፋው፣ ለዓሣ አይሁን፤
እኔ አንድ ጊዜ ቸኩዬ አይቻለሁ የሚሆነውን።"

ሰውየው አልደበቀ፤
የደበቀውስ የኔው ኪስ፣ ሁለት ቀን ሙሉ የጠበቀ።

ገለፈቱን አዲስ ገዛን፣ አካሉ ያው አሮጌ ሆኖ፤
ቁጥሩ ወረደ፣ ወረደ፣ ስምንት ላይ አረፈ ታምኖ።
ግን አንድ ሊትር ንጹሕ ሲሰጥ ሦስት ሊትር ይተፋል፤
ፈንታነሽ ባልዲ ደቀነች፤ "ይህን ማን ይደፋል?"
ደረጃው ታጠበበት፣ ከላይ እስከ ምድር ቤት፤
በረንዳው ላይ ያለው ናና ጠጣው፣ ከነኖራው፣ ያለ ምሬት።

ሂላ እስክሪብቶ ይዛ መጣች። ከፕሮስፔር የመጨረሻ ቀን በታች
የኛን ቀን ጻፈች፤
"አባ፣ አንተም ጻፍ እንጂ" አለች።
እኔም በማውቀው ፊደል፣ እጄ እየከበደ፣ ቀስ እያለ፣
ጻፍሁ፦ ያገለገለ።
ቧንቧው ከሥር ጠብ፣ ጠብ ይላል፤ ቆሜ አየሁት።
ከቃሉ ፊት ትንሽ ቦታ ነበረች፤
አንዲት "እ" ጨመርሁበት።